«ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው»፦ ስለ ፀጉር፣ ስለ ራስ መሸፈኛና ስለ ትምህርት ቤት በር

(ለትምህርት ጥናት ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለርእሰ መምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ገለጻዬን ሁላችሁም ከምታውቁት ቦታ ልጀምር። አታት ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊክ ሚስዮናውያን እኅቶች የተቋቋመ ሆስፒታል አለ። ጠዋት በዚያ ሆስፒታል የተመላላሽ ታካሚዎች ወረፋ ላይ የተቀመጠ ሰው የአካባቢያችንን ሕዝብ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ያየዋል። ነጠላዋን የተከናነበች እናት፣ ሂጃብ የለበሰች እናት፣ ሻሽ ያሰረች እናት ልጆቻቸውን አቅፈው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ካርድ የሚያወጣው ሠራተኛ የሚጠይቃቸው የልጁን ስም፣ ዕድሜውንና ሕመሙን ነው። ራሳቸው ላይ ስላለው ነገር የሚጠይቃቸው የለም፤ የመጡት ለሕክምና ነውና።

እነዚያው ልጆች አድገው ትምህርት ቤት ሲገቡ ግን በር ላይ የሚጠብቃቸው የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ጉዳይ ነው። «ፀጉርህ ለምን ረዘመ?» «ይህ ምን ዓይነት ቁርጥ ነው?» «ሹሩባሽን ለምን በቀለም ሠራሽው?» «ይህን አውልቀሽ ግቢ።» ዛሬ የምንነጋገረው በእነዚህ ሁለት በሮች መካከል ስላለው ልዩነት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለማስተማር ልምምድ የወጡ ተማሪዎቻችንን ለመከታተል ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ እንዳበቃ አንድ መምህር መቀስ ይዞ በሰልፉ መካከል ማለፍ ጀመረ። ፀጉሩ ጎፈሬ የሆነ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ዘንድ ሲደርስ ከግንባሩ እስከ መሐል አናቱ አንድ መስመር ቆርጦለት አለፈ። ሰልፈኛው ሳቀ። ልጁ ደብተሩን አናቱ ላይ አድርጎ ከግቢው ወጣ፤ በዚያ ሳምንትም አልተመለሰም። ርእሰ መምህሩን ስጠይቃቸው በቅንነት የመለሱልኝ «ዶክተር፣ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው» ብለው ነበር። እኒህ ሰው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ትምህርት ቤታቸውን የሚወዱ፣ ከማንም በፊት ማልደው የሚገቡ ሰው ነበሩ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝም ስለዚህ ነው። ዛሬ ልመረምረው የምፈልገው እርሱን ነው። ደንቡ ለሁሉም አንድ የሚሆነው መቼ ነው? አንድ መስሎ አንድ የማይሆነውስ መቼ ነው?

አስቀድሜ የደንብ ልብስን ጥቅም ልናገር፤ ደንብን ሁሉ ለመሻር የቆምሁ እንዳይመስላችሁ። አንድ ዓይነት ሹራብና አንድ ዓይነት ሱሪ ሲለበስ የነጋዴው ልጅና የቀን ሠራተኛው ልጅ አንድ ወንበር ላይ ሳይሳቀቁ ይቀመጣሉ። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው በሙያቸው በተናቁበት፣ ልጆቻቸውም በስድብ ስም በተጠሩበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የደንብ ልብስ ከበር ውጭ ያለው የክብር ደረጃ ከበር ውስጥ እንዳይገባ የምናቆመው አጥር ነው። ዓላማው ይህ ከሆነ መለኪያውም ይኸው መሆን አለበት፤ የተናቀውን ልጅ የሚከልል አጥር ሆኖ ሳለ የተናቀውን ልጅ ውጭ የሚያስቀር ከሆነ ሥራውን ስቷል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ልብስ ማታ ይወልቃል። ተማሪው ቤቱ ሲገባ ሹራቡን መስቀያ ላይ ሰቅሎ የወላጆቹ ልጅ፣ የሰፈሩ ልጅ ይሆናል። ፀጉር ግን አይወልቅም። ጠዋት በመቀስ የተቆረጠው ማታም ከልጁ ጋር ቤት ይገባል፤ ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ መስጊድ አብሮት ይሄዳል። የእምነት መሸፈኛ ደግሞ ቢወልቅም እንደ ሹራብ አይወልቅም፤ የለበሰችው ልጅ በፈጣሪዋ ፊት የገባችውን ቃል ይነካልና። ስለዚህ ሦስቱን በአንድ ሐረግ «የአለባበስ ደንብ» ብሎ መጥራት ለጽሑፍ ይመች እንደሆነ እንጂ ለፍትሕ አይመችም። ሰውነትና እምነት ላይ የሚያርፍ ደንብ ጨርቅ ላይ ከሚያርፍ ደንብ የበለጠ ምክንያት ሊቀርብለት ይገባል።

ቀጥለን «ሥርዓት ያለው ፀጉር» የሚባለው አስተሳሰብ ከወዴት እንደ መጣ እንጠይቅ። ከአገራችን ታሪክ ነው የሚል ካለ ታሪካችን አይደግፈውም። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስን የሚያሳይ ሥዕል ሁሉ ሹሩባ የተሠራ ወንድ ያሳየናል፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛም ሹሩባ ነበራቸው። ጎፈሬ የጀግና ምልክት ነበር። ባሕታዊው የተንዠረገገ ፀጉሩን ይዞ ሲያልፍ ሕዝቡ ተነሥቶ ይሳለመዋል። የከረዩ ወጣት ጉንፉራውን አበጥሮ አደባባይ ይወጣል፤ የሐመር ሴት ፀጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር አሽታ ትጌጣለች። ቁንጮና ጋሜም የትናንት የልጅነት መልካችን ናቸው። እንግዲህ አፄ ቴዎድሮስ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ለመመዝገብ ቢመጡ ከብዙ ትምህርት ቤቶቻችን በር ይመለሱ ነበር። ስማቸው የተሰጠው ትምህርት ቤት እንኳ ቢሆን ዘበኛው ሊመልሳቸው ይችላል።

ታዲያ መስፈርቱን ማን ሰጠን? መልሱ በከፊል በቋንቋችን ውስጥ ተቀምጧል። አማርኛችን «ሉጫ» ሲል ያሞግሳል፤ «ከርዳዳ» ሲል ያንቋሽሻል። ሁለቱም የፀጉር ዓይነት ስሞች ናቸው፤ አንዱ ግን ሙገሳ፣ ሌላው ስድብ ሆኗል። ከርዳዳነት ከቆዳ ጥቁረት ጋር ሲያያዝ ደግሞ ከምዕራብና ከደቡብ ጠረፍ የመጡ ወገኖቻችን ከባርነት ዘመን የወረሱትን ስድብ ይዞ ይመጣል። «እኛ በቅኝ አልተገዛንም፤ የዘር አድልዎ የነጮች ችግር ነው» የምንለው ነገር እዚህ ላይ ይፈርሳል። ለስላሳውን ፀጉር ንጹሕ፣ ከርዳዳውን ያልታጠበ አድርጎ የሚያይ ዓይን በእኛም ፊት ላይ አለ። ደንብ የሚጽፈውና የሚያስፈጽመው ሰው በዚህ ዓይን ነው የሚያየው። «የተንጨባረረ»፣ «ያልተስተካከለ»፣ «ጨዋነት የጎደለው» የሚሉ ቃላት በደንብ ውስጥ ሲገቡ የሚለካቸው መለኪያ የለም፤ የሚለካቸው የተመልካቹ ልማድ ብቻ ነው።

የሕግ ሊቃውንት ለዚህ ስም አላቸው። አንድን ወገን በስሙ ጠርቶ የሚከለክል ደንብ ቀጥተኛ አድልዎ ይባላል። ማንንም ሳይጠራ፣ ለሁሉም አንድ ሆኖ ተጽፎ፣ በአንዱ ወገን ላይ ግን ከሌላው ይልቅ የሚከብድ ደንብ ደግሞ ቀጥተኛ ያልሆነ አድልዎ ነው። ጥቂት ምሳሌ ከሌላው ዓለም ላምጣ፤ ሁሉም በፍርድ ቤትና በአደባባይ የታዩ ናቸው።

በለንደን አንድ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወንድ ሹሩባን ይከለክል ነበር። ምክንያቱ ተራ አልነበረም፤ የወሮበላ ቡድኖች መለያ ወደ ግቢው እንዳይገባ ነው። ሹሩባ መሥራት የቤተሰቡ ወግ የሆነ የአፍሪካ-ካሪቢያን ተወላጅ ልጅ በመጀመሪያ ቀኑ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክልከላው ምንም ልዩነት ሳያደርግ በመፈጸሙ ቀጥተኛ ያልሆነ የዘር አድልዎ ነው ብሎ ወሰነ። ልብ በሉ፦ ፍርድ ቤቱ ትምህርት ቤቱ የፀጉር ደንብ ሊኖረው አይገባም አላለም። የቤተሰብ ወግ ያለውን ልጅ ለይቶ የማያይ ደንብ ግን አይጸናም አለ።

በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በፕሪቶሪያ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎች የተፈጥሮ ፀጉራቸውን እንዲያስተካክሉ መታዘዛቸውን ተቃውመው ተሰለፉ። አፓርታይድ ከወደቀ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የትምህርት ቤቱ በር ለሁሉም ተከፍቷል፤ የደንብ መጽሐፉ ግን ገና የተጻፈው ለሌላ ፀጉር ነበር። የጋውቴንግ ክፍለ ሀገር የትምህርት መሥሪያ ቤት የፀጉር ደንቡ እንዲታገድ አደረገ።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 በፀጉር ዓይነትና አሠራር የሚደረግን አድልዎ እንደ ዘር አድልዎ የሚቆጥር ሕግ አወጣች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት። ቴክሳስም ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ሆኖም እዚያ አንድ ጥቁር ተማሪ ፀጉሩን ጠምዝዞ በማሳደጉ ለወራት ከክፍል ተገልሎ ቆየ። ትምህርት ቤቱ «የከለከልነው አሠራሩን ሳይሆን ርዝመቱን ነው» አለ፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ዳኛው ሕጉ ስለ ርዝመት አይናገርም በማለት ለትምህርት ቤቱ ፈረዱ። ሕግ አንዱን በር ሲዘጋ አድልዎ በሌላው እንደሚገባ ከዚህ እንማራለን። የሕግ ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የደንብ አስፈጻሚው አስተሳሰብም መለወጥ አለበት።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን የጋና ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ስመ ጥሩው የአቺሞታ ትምህርት ቤት ሁለት የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታይ ወጣቶችን ድሬድ ፀጉራቸውን ካልቆረጡ አልቀበልም አለ። በዚያው ዓመት በግንቦት መጨረሻ የአክራ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቱ እንዲቀበላቸው አዘዘ። የእነዚህ ልጆች እምነት ስሙን የወሰደው ከእኛው ንጉሥ ነው፤ የእምነቱ ተከታዮችም ከብዙ አሥርተ ዓመታት ጀምሮ ሻሸመኔ ላይ አብረውን ይኖራሉ። ጋና ውስጥ ፍርድ ቤት ያስከበረላቸውን ፀጉር ይዘው ወደ አንድ የእኛ ከተማ ትምህርት ቤት ቢመጡ ምን እንደምንላቸው እያንዳንዳችን እንጠይቅ።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሂጃብ ለብሰው ወደ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ተከለከሉ። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና የምዝገባ ጊዜ ነበር፤ 159 ተማሪዎች በዚህ ምክንያት ከምዝገባ መስተጓጎላቸው በወቅቱ ተዘግቧል። በጥር ወር በመቀሌ ብዙ ሺህ ሰዎች የተገኙበት ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ፤ ጉዳዩ አክሱም ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦም ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ ትእዛዝ ተሰጠ። ይህን የማነሣው የአንድን ከተማ ሕዝብ ለመውቀስ አይደለም። ከዚያ ሕዝብ ውስጥ ብዙዎች ጦርነት፣ ስደትና የተዘጋ ትምህርት ቤት አብረው ያሳለፉ ናቸው። የማነሣው ዋጋውን እንድትመዝኑ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረች ልጅ ሕይወቷን የሚወስን ፈተና ፊት ደርሳ የምትመለስበት ምክንያት አንድ ሜትር ጨርቅ መሆን አለበት ወይ?

ሕገ መንግሥታችን በዚህ ላይ ዝም አላለም። አንቀጽ 25 በዘር፣ በብሔር፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ ሁሉም በሕግ ፊት እኩል ጥበቃ እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ እንደሆነና ገደቡም ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለጤና፣ ለትምህርትና ለመሳሰሉት አስፈላጊ ሲሆን ብቻ መሆኑን ይናገራል። «በሕግ» የሚለውን አስምሩበት፤ የዘበኛ ትእዛዝ ሕግ አይደለም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀትም እንዲሁ። አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ያዛል፤ በሰልፍ ፊት ፀጉርን በመቀስ መቁረጥ ከዚህ ውጭ ነው የሚል ሰው ቢኖር ክርክሩን መስማት እፈልጋለሁ። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብአዊ ክብር በጠበቀ መልኩ እንዲፈጸም ያስገድዳል።

በተቃራኒው የሚቀርበውን ክርክርም በቅንነት እንስማ። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ነጻ ይሁን ስለሚል የእምነት ምልክት ሁሉ ከግቢ ይውጣ የሚሉ አሉ፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክትን ከልክላለች። ነገር ግን ከሃይማኖት ነጻ መሆን ያለበት መንግሥት የሚሰጠው ትምህርት ነው፤ ተማሪዋ የመንግሥት ሠራተኛ ሳትሆን ዜጋ ናት። ያንኑ አንቀጽ በእኛ አገር እንተግብር ብንልም እንኳ ከአንገት ማተብ እስከ ነጠላ ሁሉንም እኩል ማስወለቅ ይኖርብናል፤ ማተብ እያለፈ ሂጃብ የሚመለስ ከሆነ ነገሩ ገለልተኛነት መሆኑ ይቀራል። ሌሎች የፈተና ማጭበርበርን ያነሣሉ። ይህ እውነተኛ ስጋት ነው፤ መፍትሔውም ቀላል ነው። ሴት ፈታኝ ለብቻ በተከለለ ክፍል ማንነቷን አረጋግጣ፣ ጆሮዋን ፈትሻ ታስገባታለች። ንጽሕና ነው ለሚሉም መልሱ አጭር ነው፤ ቅማል የአሠራር ዓይነት አይመርጥም። ስለ ንጽሕና ከሆነ ደንቡ ስለ ንጽሕና ይጻፍ፤ ውኃ በሌለበት ግቢ ደግሞ ከደንቡ በፊት ቧንቧው ይቅደም።

በዚህ አጋጣሚ የእኛን የምሁራኑንም ነውር አልሸሽግም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ትርዒት ሲዘጋጅ የተማሪዎች ተቃውሞ ተነሣ፤ ሊያዩ የመጡ ሴቶች ተዋረዱ፣ እንቁላል ተወረወረባቸው። ተቃዋሚዎቹ ስለ ነጻነትና ስለ ባዕድ የባህል ወረራ ይናገሩ ነበር፤ ቁጣቸው ያረፈው ግን የሴት ቀሚስ ላይ ነው። ስለዚህ የአለባበስ ቁጥጥር በወግ አጥባቂም በተራማጅም እጅ ሊገባ ይችላል፤ በሁለቱም እጅ ሲገባ ቀድሞ የሚያርፈው ልጃገረዷ ላይ፣ ድሃው ላይና ከሌላው የተለየው ላይ ነው።

እንግዲህ ነገ መምህርና ርእሰ መምህር ለምትሆኑት ሦስት ጥያቄዎች ልስጣችሁ። አንድን ደንብ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠይቁት።

አንደኛ፣ ይህ ደንብ የሚጠብቀው የመማር ማስተማር ጥቅም ምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ደንቡ ልማድ እንጂ ምክንያት የለውም።

ሁለተኛ፣ በማን ላይ ይከብዳል? የባለፈውን ዓመት የቅጣት መዝገብ አውጡና ስሞቹን አንብቡ። የተመለሱት ልጆች የአንድ እምነት፣ የአንድ ፆታ፣ የአንድ ሰፈር ወይም የአንድ ዓይነት ፀጉር ባለቤቶች ከሆኑ ደንቡ በወረቀት ላይ ለሁሉም አንድ ቢሆንም በሥራ ላይ አንድ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ጥፋት ቢኖር እንኳ ቅጣቱ ከትምህርት መለየት መሆን አለበት ወይ? ይህ ከሦስቱ ዋነኛው ነው። ካልሲው ቀለሙ የተለየ ልጅ ሒሳብ ክፍል ገብቶ ሊማር ይችላል። ወላጅ ማነጋገር፣ ጊዜ መስጠት፣ መምከር አለ። ትምህርት ቤት ልጅን ለማስተማር የተሠራ ቤት ሆኖ ሳለ ትምህርትን ራሱን መቀጫ ሲያደርገው ከራሱ ዓላማ ጋር ይጣላል። የተመለሰው ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ በማግሥቱ አይመጣም። እረኝነት፣ የጫማ ማሳመሪያ ሣጥን፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ በር ላይ ይጠብቁታል፤ ይጠብቋታልም።

ደንቡንም ለብቻችሁ አትጻፉት። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ያለው ለዚህ ነው። በዚህ በጉራጌ ምድር ሕግ እንዴት እንደሚሠራ የምናውቅ ሰዎች ነን። የየጆካ ሸንጎ ሽማግሌዎች ቂጫውን የሚመክሩት በአደባባይ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ነው፤ ቅሬታ ያለውም ቆሞ ይናገራል። የቃቄ ውርድወት የምትታወሰው በዚያ ሸንጎ ፊት ቆማ የሴቶችን መብት በመጠየቋ ነው። ሽማግሌዎቹ በጊዜው ሁሉንም አልሰጧትም፤ ስሟ ግን ከእነርሱ ስም በላይ ዘልቆ እኛ ዘንድ ደርሷል። ደንብን መጠየቅ ሥርዓት ማፍረስ አለመሆኑን ይህች ሴት በራሳችን አገር፣ በራሳችን ቋንቋ አስተምራናለች።

ለእኒያ ርእሰ መምህር በዚያ ቀን መልስ አልሰጠኋቸውም። እንግዳ ነበርሁ፤ ዝምታንም መረጥሁ። ዛሬ ቢጠይቁኝ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «ጋሼ፣ ደንቡ አንድ ነው፤ ራሶቹ ግን አንድ አይደሉም። ያን ልጅ አስጠሩልኝና ክፍል ይግባ፤ ስለ ፀጉሩ ከትምህርት በኋላ እንነጋገራለን።»